«ያለምክንያት ይጮኻል» የተባለው ልጅ፦ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድግ የአንዲት እናት ጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህን ጉዳይ በጽሑፍ ለማስቀመጥ የወሰንኩት በእናቲቱ ጥያቄ ነው። ልጇ አሥር ዓመት በሞላው ሰሞን፣ «እኔ ያለፍኩበትን ሌላዋ እናት ከዜሮ እንድትጀምረው አልፈልግም፤ የሠራነውንም ያጠፋነውንም ጻፊው» አለችኝ። በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠንኩ መምህርት ስሆን፣ ቤተሰቡን ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በቤት ጉብኝት አውቀዋለሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ የሰዎቹን ስም፣ ሰፈሩንና የተገለገሉባቸውን ተቋማት አልጠቀስኩም። ከተማው አዲስ አበባ ነው።

አንባቢ ልጁ «ዳነ» የሚል ዜና እንዳይጠብቅ ከወዲሁ ልናገር። ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሁኔታ ነው፤ ይህም ልጅ ዛሬ ኦቲዝም አለበት፣ ነገም ይኖርበታል። እኔ መመዝገብ የፈለግሁት በዚያ ቤት ውስጥ የተለወጠውን ጥያቄ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ቤተሰቡ ይጠይቅ የነበረው «መቼ ይናገራል?» ብሎ ነበር። ኑሮው መቃናት የጀመረው «አሁን ምን ሊለን ፈልጎ ነው?» ብለው መጠየቅ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ቤተሰቡ

ጉዳዩ ሲጀምር እናቲቱ 27 ዓመቷ ነበር። ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለአካባቢው ሰው እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ባለቤቷ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር በመሆኑ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ቀናት ከስምንት አይበልጡም። የሚኖሩት አራት ሌሎች ተከራዮች ባሉበት ግቢ ውስጥ በሁለት ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ የግቢው በር ደግሞ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚንቋቋ ብረት ነው። ስለ ቆርቆሮውና ስለ በሩ የጻፍኩት ኋላ ስለምመለስበት ነው። ልጁ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. በሰላም ተወለደ፤ ታናሽ እህቱ ደግሞ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ተወለደች።

ችግሩ እንዴት ታየ

ልጁ በዓመቱ ቆሞ ሄደ። በአንድ ዓመት ተኩሉ «ማማ»፣ «ውኃ» እና «እንካ» ይል እንደነበር እናቱ ብቻ ሳትሆን ጎረቤቶቿም ያስታውሳሉ። ወደ ሁለት ዓመቱ ሲጠጋ እነዚህ ቃላት አንድ በአንድ ጠፉ። በስሙ ሲጠሩት አይዞርም፤ ነገር ግን ከሌላኛው ክፍል የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሮጦ ይመጣል። የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፤ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ዕቃው ይገፋዋል። የድስት ክዳን መሬት ላይ እያሽከረከረ ሰዓታት ያሳልፋል። ከሁሉ በላይ የሚወደው ግን ከምጣዱ ፊት ተቀምጦ ሊጡ ዓይን እያወጣ ሲበስል ማየት ነበር፤ እናቱ አክምባሎውን ስትከድነው ይከፋዋል።

የባሏ እናት «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያሉ አጽናኗት። ጤና ጣቢያም «ትንሽ ጠብቂ» ተባለች። ልጁ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሲሆነው ጆሮው ተመረመረና ደህና ሆኖ ተገኘ። እናቲቱ በዚያ ቀን እንደተደሰተች፣ ማታ ግን «ታዲያ የሚሰማኝ ከሆነ ለምን አይዞርልኝም?» ብላ ስታለቅስ እንዳደረች ነግራኛለች።

በሦስት ዓመቱ ጩኸቱና ራሱን ከወለል ጋር ማጋጨቱ በረታ። ሌሊት ከአራት ሰዓት በላይ አይተኛም። ተከራዮቹ አከራዩን አማረሩ። እናቲቱ መጀመሪያ ማኅበሯን፣ ቀጥሎ ልቅሶ ቤት መሄዱን፣ በመጨረሻም ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን ተወች። ሰው ፊት ሲጮህ «አላሳደገችውም» የሚሉ ነበሩ፤ «ዓይን ነው» እና «የቤተሰብ እርግማን ነው» የሚሉም ነበሩ። ለሦስት ሳምንት በከተማው ዳርቻ ባለ ፀበል አስጠመቀችው። ለልጁ ግን በድንገት የሚፈሰው ቀዝቃዛ ውኃ ከምንም በላይ የሚያስፈራ ነገር ስለነበር፣ ከዚያ ሲመለስ ገላ መታጠብ ጨርሶ እምቢ አለ።

በዚህ ወቅት የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እናቲቱ እንድጽፈው አጥብቃ የጠየቀችኝም እሱን ነው። ለምግብ ቤቶቹ እንጀራ ለማድረስ ስትወጣ ልጁን የሚይዝላት ሰው አልነበረም። መጀመሪያ በር ቆልፋበት ትሄድ ነበር፤ በመስኮት ሊወጣ ሲል ካየችው በኋላ ግን በነጠላዋ ወገቡን ከአልጋው እግር ጋር አሰረችው። ይህ ለአራት ወራት ያህል ቀጠለ። ቤተሰብን የሚጎበኝ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ የመጀመሪያው ስሜቱ ቁጣ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከዚህች እናት ጋር ቁጭ ብዬ ሰዓቷን ስቆጥር፣ ልጁን ለ40 ደቂቃ የሚጠብቅላት አንድ የታመነ ሰው ቢኖር ኖሮ ማሰሩ እንደማይኖር ተረድቻለሁ። የቆመውም በምክር አልነበረም፤ ለእንጀራው ማድረሻ አንድ ወጣት ተቀጥሮ እሷ ከቤት መውጣቷ ሲቀር ነው።

ስሙ የታወቀበት ቀን

ልጁ አራት ዓመት ከአራት ወር ሲሆነው፣ በየካቲት 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክፍል ኦቲዝም እንዳለበት ተነገራት። ማብራሪያው አሥር ደቂቃ አልሞላም። የተሰጣት ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር ቤቷ ስትደርስ የጎረቤት ተማሪ ጠርታ አስነበበች። ቃሉ ለጆሮዋ እንግዳ አልነበረም፤ ዘሚ የኑስ የራሷን ልጅ ጉዳይ ይዛ በቴሌቪዥን ስትናገር ሰምታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ይህች እናት እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ በአደባባይ ባትናገር ኖሮ፣ እኔ የማውቃቸው ብዙ እናቶች ቃሉን እንኳ አይሰሙትም ነበር።

ለሁለት ማዕከሎች ማመልከቻ አስገባች፤ ተጠባባቂው ብዙ ስለነበር ወረፋ ያዘች። እኔ ቤቷ የደረስኩት በዚያ መካከል ነው።

በመጀመሪያው ጉብኝቴ የጠየቀችኝ ስለ ሕክምና አልነበረም። «የምጣዱ ጢስ ይሆን? ወይስ ነፍሰ ጡር ሆኜ ከባሌ ጋር ስለተጣላሁ?» አለችኝ። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን ከገለጸ በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በአሜሪካና በአውሮፓ ባለሙያዎች ራሳቸው ጥፋቱን «ፍቅር በነፈጉ» እናቶች ላይ ይጥሉ እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በመንትዮች ላይ የታተመ ጥናት ግን የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ማሳየቱንና ያ ክስ ውድቅ መሆኑን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እዚያም እናቲቱን ነው የከሰሱት?» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጢሱ አንስታ አታውቅም።

ሌላም አስቸኳይ ነገር ነበር። ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት በታወቀ ማግስት አሜሪካ የምትኖር አክስቷ ደውላ «ክትባት ነው ያደረገው» ስላለቻት፣ በዘጠኝ ወሯ መከተብ የነበረባት ታናሽ እህቱ የኩፍኝ ክትባት ሳትወስድ አራት ወር አልፏታል። ይህን ወሬ የወለደው እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ባተመው በራሱ መጽሔት መሰረዙንና ጸሐፊውም የሕክምና ፈቃዱን መነጠቁን አስረዳኋት። በዚያው ሳምንት ልጅቷን አስከተበች።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የተከተልኩት መንገድ የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ካዘጋጀው ሥልጠና የተቀዳ ነው። ይህ ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ዋና ሐሳቡ ልጁን ከሁሉም ሰው የበለጠ የሚያገኘው አሳዳጊው ስለሆነ፣ ዕውቀቱ ወደ አሳዳጊው መሄድ አለበት የሚል ነው።

የጀመርነው በደብተር ነው። እናቲቱ ለ14 ቀናት ልጁ በጮኸ ቁጥር ሦስት ነገር እንድትጽፍ ተስማማን፤ ከመጮኹ በፊት ምን ሆነ፣ ምን አደረገ፣ ከዚያስ እሷ ምን አደረገች። መጀመሪያ «ያለምክንያት ነው የሚጮኸው፣ ምን እጽፋለሁ?» ብላኝ ነበር። ደብተሩን አብረን ስናነብ ግን ከግማሽ የሚበልጠው ጩኸት ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የወደቀ ሆኖ አገኘነው። ያ ሰዓት ደንበኞች እንጀራ ሊወስዱ የሚመላለሱበት፣ የብረቱ በር በየደቂቃው የሚንቋቋበት ሰዓት ነው። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ራሱን ከወለል ጋር ያጋጭ ነበር። ምጣዱ ያልተጣደባቸው ቀናት ሁሉ ከባድ ቀናት ሆነው ተጽፈዋል፤ ምክንያቱም የዕለቱ ሥርዓት ፈርሷል። ቀሪው ውኃ ሲጠማው ወይም ከመደርደሪያ ላይ አንድ ነገር ፈልጎ ሲያጣ የሚሆን ነበር። እናቲቱ ደብተሩን ዘግታ «እየነገረኝ ነበር እኮ» አለች።

የበሩን መቀርቀሪያና ማጠፊያ በአሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ሸፈንን፤ ያወጣነው ወጪ የአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ዋጋ ብቻ ነበር። ለዝናቡ ከመርካቶ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትን የጆሮ መሸፈኛ ገዛን። ልጁ ለሦስት ሳምንት እያወለቀ ጣለው፤ በአራተኛው ሳምንት ደመናው ሲጠቁር ራሱ ፈልጎ አመጣው።

ከዚያ ልጁ የሚፈልገውን ሥዕል ሰጥቶ ወደሚጠይቅባቸው ካርዶች ሄድን፤ እዚህ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከውጭ የመጡ፣ በሚገባ የተሳሉ ካርዶች ይዤ ሄድኩ። በአንዱ ላይ የብርጭቆ ውኃ፣ በሌላው ላይ ቁራጭ ዳቦ ነበር። ልጁ አንድ ወር ሙሉ አንዱንም አልነካም፤ እኔም በሪፖርቴ ላይ «ዝግጁ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ካርዱን የለወጠችው እናቲቱ ናት። ልጁ ውኃ የሚጠጣው በአንዲት አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ብቻ ነበር፤ እሷም ያንኑ ኩባያ በስልኳ አንስታ ፎቶ ቤት አሳተመችውና በፕላስቲክ አስለበጠችው። የእናቲቱ ታናሽ እህት ከልጁ ጀርባ ተቀምጣ እጁን እየመራች፣ እናቱ ደግሞ ከፊቱ ሆና ካርዱን ስትቀበለው ወዲያው ውኃ እየሰጠችው ልምምዱን ቀጠሉ። በዘጠነኛው ቀን ልጁ ማንም ሳይመራው ተነሥቶ ካርዱን አምጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠ። በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ካርዶቹ 11 ደረሱ፤ ከነሱ መካከል «በቃ» የሚለው ካርድ ነበረበት፤ ጩኸቱን ከሁሉ በላይ የቀነሰውም እሱ ይመስለኛል።

ፀበሉን በተመለከተ እናቲቱ ከእምነቷና ከሕክምናው አንዱን እንድትመርጥ አልጠየቅናትም። የንስሐ አባቷ «ሐኪሙንም ፀበሉንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው» አሏትና በልጁ ላይ ማፍሰሱ ቀርቶ እንዲጠጣና ግንባሩን እንዲቀባ ፈቀዱ። ለሦስት ዓመት ተቋርጦ የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሳለሟ በዚህ ተመለሰ።

ያልሠራውና የተሰናከለው

በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድ የግል አጸደ ሕፃናት ተቀበለው፤ የሌሎች ወላጆች ቅሬታ ስለበዛ በሦስተኛው ሳምንት «ውሰጂው» ተባለች። ያን ጊዜ መምህራኑን አስቀድሜ አነጋግሬ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ካርዶቹን እንኳ የሚያውቅ መምህር አልነበረም። በጥር ወር ወረፋው ደርሷት ማዕከል ገባ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግን ልጁ የለመደው የቀን ሥርዓት በአንድ ቀን ፈረሰ። እንቅልፉ ተበላሸ፣ ራሱን መምታት ጀመረ። ሐኪም ሪስፔሪዶን አዘዘለት፤ መድኃኒቱ ራስን መምታቱን ቀነሰው፣ ሆኖም በአምስት ወር ውስጥ ክብደቱ በጣም ስለጨመረና ቀን ቀን ስላደነዘዘው በሐኪሙ ክትትል መጠኑ ተቀነሰ፣ ቆይቶም ተቋረጠ። ይህ መድኃኒት የኦቲዝም ፈውስ እንዳልሆነ እናቲቱ ከመጀመሪያው በግልጽ ባይነገራት ኖሮ ማቋረጡን እንደ ሽንፈት ታየው ነበር።

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ልጁ ጠፋ። ዝናብ አባርቶ በሩ ክፍት የቀረበት አጋጣሚ ነበር። ከሦስት ሰዓት ፍለጋ በኋላ የተገኘው ወፍጮ ቤት ነው፤ የማሽኑ ቀበቶ ሲዞር ቆሞ ያያል። ባለ ወፍጮው ልጁ መኖሩን ስለማያውቅ «የማን ልጅ ነው?» እያለ ደንበኞቹን ሲጠይቅ ቆይቷል። በሰፈሩ ስድስት ዓመት የኖረን ልጅ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ እናቱ ደብቃው ስለኖረች።

በቀጣዩ ወር ለእድሩ ሰብሳቢ ጠይቃ ከስብሰባው መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ወሰደች። ልጇን ይዛ ቆመችና ኦቲዝም እንዳለበት፣ በስሙ ሲጠሩት እንደማይዞር፣ ወፍጮና የሚሽከረከር ነገር እንደሚስበው፣ እጁን ከመያዝ ይልቅ ከፊቱ ቆሞ ካርድ ማሳየት እንደሚሻል ነገረቻቸው። ከተሰብሳቢው መካከል አንዲት አሮጊት ተነሥተው «የእኔም የልጅ ልጅ እንዲህ ነው፤ ቤት ነው ያለው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከግቢ ወጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ አንዴ ባለ ወፍጮው፣ አንዴ የታክሲ ተራ አስከባሪው ይዘውት መጡ። በሸሚዙ የውስጥ ክፍል ላይ የሰፋነው ስልክ ቁጥር እስካሁን አላስፈለገም።

አባትየው ለረጅም ጊዜ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ከማለት አልወጣም ነበር። ገንዘብ ይልካል፣ ቤት ሲመጣ ግን ልጁን ሽሽት ከጓደኞቹ ጋር ያመሻል። ምክሬ በእሱ ላይ ምንም አልሠራም። በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን ልጁ በቆመው መኪና ጋቢና ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ያለ አንዳች ጩኸት ሁለት ሰዓት ተቀመጠ፤ አባቱም አብሮት ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹን የካርድ ጥያቄዎች ለእኔ የላከው ራሱ ነው፦ «የመኪናውን ፎቶ እንዴት ላሳትመው?»

ልጁ ዛሬ

ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈቱ የልዩ ፍላጎት ክፍል ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባ፤ በቀን ሁለት ሰዓት ጀምሮ አሁን ግማሽ ቀን ይቆያል። ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ «ውኃ» የሚለው ቃል ተመለሰ፤ በዚያን ጊዜም ካርዱ በእጁ ነበር። ብዙ ወላጆች ካርድ ንግግርን ያዘገያል ብለው ይፈራሉ፤ በዚህ ልጅ ላይ ያየሁት ግን ቃሉ ካርዱን ተከትሎ ሲመጣ ነው። አሁን ወደ 30 የሚጠጉ ቃላት አሉት። የቀዘቀዘውን እንጀራ አሥር አሥር አድርጎ ይደረድራል፣ ሲደረድርም ከአንድ እስከ አሥር ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ አንድም ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም። ገላውን በሞቀ ውኃ ይታጠባል። ከአራት ዓይነት በላይ ምግብ ግን እስካሁን አይበላም፤ በዚህ ረገድ ያደረግነው ሁሉ አልተሳካም።

ለሌሎች ቤቶች የሚሆነው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። በዚህ ስሌት እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ትልቅ እድር ማግኘት ይከብዳል። ማዕከሎቻችን ጥቂት ስለሆኑም አብዛኛው ሥራ ቤት ውስጥ ይወድቃል። ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ቤት ይዤ የሄድኩት የመጀመሪያው ነገር ደብተሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጎበኘኋቸው ቤቶች ሁሉ «ያለምክንያት» የተባለው ጩኸት ሁለት ሳምንት ሲጻፍ ምክንያቱ ወጥቷል፤ ብዙ ጊዜም ድምፅ፣ ጥማት ወይም የተለወጠ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው፣ ካርድ ከልጁ ከራሱ ኩባያ፣ ከራሱ ጫማ፣ ከራሱ ቤት መሠራት አለበት። ያማሩትን የውጭ ካርዶቼን ከዚያ ወዲህ ይዤ አልወጣሁም።

ንግግሩ የዘገየ ወይም የነበረው ቃል የጠፋበት ልጅ ያላት እናት ጆሮው ደህና ነው ሲባል ምርመራው እንዳበቃ ማሰብ የለባትም፤ ይህ ቤተሰብ ከጆሮው ምርመራ በኋላ 20 ወር ያለ ምንም እገዛ አሳልፏል። የነበረ ቃል መጥፋቱ ብቻውን ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት ነው፤ «ጠብቂ» የሚባልበት አይደለም። ቤተሰብ ለሚጎበኙ ባልደረቦቼ ደግሞ የምለው፣ የታሰረ ልጅ ባገኛችሁ ጊዜ ከተግሳጽ በፊት እናቲቱ ከቤት የምትወጣበትን ሰዓት ጠይቁና ያንን ሰዓት የሚሸፍን ሰው ፈልጉ።

ያልተፈታው

ልጁ ቁመቱ ትከሻዋ ደርሷል። ሲከፋው አቅፋ የምትይዝበት ጊዜ እያለፈ ነው፤ ጉርምስናው ሲመጣ የሰውነቱን ለውጥ እንዴት እንደምናስተምረው ገና በካርድ እየሠራንበት ነው። በአካባቢያቸው ከ14 ዓመት በላይ የሆነውን እንዲህ ያለ ልጅ የሚቀበል ቦታ አላገኘንም። ስድስት ዓመት የሞላት እህቱ ካርዶቹን ከሁላችን በተሻለ ታነባለች፤ ዘመድ ሁሉ «እሷ አለችለት» ይላል። እናቲቱ ግን ይህን ቃል ልጅቷ ባለችበት እንዳይናገሩ ከልክላለች። በእድሩ ስብሰባ ከተነሡት አሮጊትና ከሌሎች ሦስት እናቶች ጋር በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በእሷ ቤት ቡና ይጠጣሉ፤ ልጆቹም ይመጣሉ፤ አሁን የሚነጋገሩት በየተራ ልጆቹን እየጠበቁ ስለሚሠሩበት አንድ የጋራ ክፍል ኪራይ ነው።